ከየስለር ቴራስ እስከ ደቻቱ ማዶ

ዘንድሮ ክረምቱን ድሬዳዋ ነው ያሳለፍኩት። ከአሜሪካ፣ ከሲያትል ስመጣ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ወሬው። የዘንድሮው ወሬ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሰፈራችን በመልሶ ማልማት ሊነሳ ነው ይባላል።

ሰፈራችን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ብዙው ቤት የቀበሌ ነው፤ በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ የመጣ። እንደሚወራው ከሆነ ፕላኑ ይቀየርና ቦታው ቅይጥ ይሆናል። ከታች ሱቅ፣ ከላይ አፓርታማ፤ ያለውም የሌለውም አንድ ሕንፃ ላይ። ወረቀቱን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አላገኘሁም።

ማታ ነፈስ ሲል ምንጣፍ ደጅ ይነጠፋል። ወሬው እዚያ ይደራል። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን፣ "አቦ ይፍረስ! ልጆቼ የራሳቸው ሽንት ቤት ይኑራቸው" ይላል። እውነቱን ነው። ግቢው ውስጥ ሰባት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ይጠቀማል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ያፈሳል። ይህን እያየሁ፣ እዚያ ማዶ የሚመቸኝ ሰውዬ፣ "ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ" የማለት አፍ የለኝም።

የባቡር ጡረተኛው ጋሼ ደግሞ ሕንፃውን አይጠሉም። የሚፈሩት በመሀል ያለውን ጊዜ ነው። "ተሠርቶ እስኪያልቅ የት ነው የምቆየው? ሲያልቅስ ማን ያስታውሰኛል?" ይላሉ። በሯ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤታችን ጥያቄ ከሁሉም ያጥራል። "ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ማን ይገዛኛል?"

ይህን ክርክር በሌላ አገር ሰምቼዋለሁ።

ሲያትል ውስጥ የስለር ቴራስ የሚባል ሰፈር አለ። ከመሀል ከተማው አጠገብ ኮረብታ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጀመሪያ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የተሠራ የመንግሥት ቤት ነው። ጥቁርና ነጭ ሳይለይ ማኖሩ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። 561 ቤቶች ነበሩት፤ ብዙዎቹ በራቸው ላይ ትንሽ ጓሮ ነበራቸው። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ቬትናሙ ጎን ለጎን ይኖር ነበር። በፈረንጆቹ 2012 የከተማው ምክር ቤት የመሬት አጠቃቀሙን ቀይሮ ረጃጅም ሕንፃ እንዲሠራበት ፈቀደ። ዕቅዱ እስከ 5000 የሚደርስ ቤት ነው፤ በገበያ ዋጋ የሚከራየውም፣ በገቢው ልክ የሚከፍለውም አንድ ሰፈር እንዲኖሩ።

ያኔ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንዲት የአገራችን እናት በአስተርጓሚ ተናገሩ። "ጎመኔንና ጤና አዳሜን የት ልትከል ነው?" አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መልሱ ስለ ጎመን አልነበረም። ነገር ግን ሁለት ነገር በግልጽ ተነገራቸው። 561ዱም ቤቶች ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በቁጥራቸው ይተካሉ። ነባሩ ነዋሪ የመመለስ መብት አለው፤ የዕቃ ማጓጓዣውም ይከፈልለታል። ይህ ቃል ቤቱ ሳይፈርስ በፊት በወረቀት ላይ ነበር። እኔ የምቀናው በዚህ ነው። በሕንፃው አይደለም።

ሁሉ ነገር አማረ ማለቴ ግን አይደለም። ሥራው ብዙ ዓመት ፈጀ። በመሀል አንዳንዱ ራቅ ያለ ከተማ ወጥቶ ልጆቹን እዚያ ትምህርት ቤት አስገባ፤ በዚያው ቀረ። ተመልሰው ከገቡት እናቶች አንዷን ጠይቄያቸው ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሊፍት አለው። ቡና ሲቆሉ ግን ጭሱ የእሳት ማንቂያውን ያስጮኸዋል። ስለዚህ ዕጣን ማጨሱን ትተዋል። በኮሪደሩ ሲያልፉ ሁሉም በር ዝግ ነው። አብሮ መኖርና አንድ ሕንፃ ውስጥ መኖር የተለያየ መሆኑን ያየሁት እሳቸው ቤት ነው።

ወደ ድሬ ስመለስ የሚገርመኝም ይኸው ነው። እዚያ በዕቅድ፣ በብዙ ገንዘብ ሊፈጥሩት የደከሙበት ነገር እኛ ግቢ ውስጥ አለ። ነጋዴው ልጅ፣ ጡረተኛው፣ ጫት የምትሸጠዋ፣ የመንግሥት ሠራተኛዋ አንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። በአንድ ምንጣፍ ላይ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው ይቀላቀላል። በሐምሌ 1998 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ በጨለማ ማን የት እንደሚተኛ የሚያውቀው ጎረቤት ነበር። በር እየደበደበ ሰው ያወጣው እሱ ነው።

ይህ እንዲሁ የስሜት ጉዳይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከይዞታው ለሚነሳ ሰው ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዳለ ጽፏል። ጉርብትና ሲበተን ጉዳት እንደሆነ ሕጉ ራሱ አምኗል ማለት ነው። እንግዲያው ሳይበተን የሚቆይበትን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል። ግማሹን ሰፈር ሠርቶ ነዋሪውን ወደዚያ አሻግሮ ሌላውን ግማሽ ማፍረስ ይቻላል። የአንድ ግቢ ሰዎችን አንድ ፎቅ ላይ ማድረግ ይቻላል። ምድር ላይ ያለውን ሱቅ ሁሉ ለባለብር ከመስጠት ጥቂቱን በሯ ላይ ለምትሠራዋ ማስቀረት ይቻላል። ደግሞ ይህ ድሬዳዋ ነው። ሰው ከቤት የሚወጣው ወዶ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ ያስወጣዋል። ጥላና ደጅ የሌለው ሕንፃ እዚህ እቶን ነው።

ከመመለሴ በፊት ከሰፈሩ ልጆች ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። በየግቢው ማን እንደሚኖር፣ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ በምን እንደሚተዳደር በደብተር እንመዘግባለን። ወረቀቱ ሲመጣ እኛም ወረቀት ይኑረን ብለን ነው። እስካሁን 11 ግቢ ጨርሰናል። የባቡር ጡረተኛው ጋሼ የሞቱ ባለቤታቸውንም ስም አስጻፉን።

ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤታችን ጋ ስንደርስ፣ ሥራ በሚለው ቦታ "ሳምቡሳ ንግድ" ብዬ ጻፍኩ። አንብቤ አሰማኋት።

"በሬ ላይ ብለህ ጨምርበት" አለችኝ።

ጨመርኩበት።