እርማት፦ «ብሮንዝ» የሜዳሊያ ቅጽል ስም አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዟ የእግር ኳስ ተከላካይ ሉሲ ብሮንዝ የጻፍከውን አነበብኩ። ጥሩ ነው። ግን «ብሮንዝ የተባለችው በ2015ቱ የዓለም ዋንጫ ነሐስ ስላገኘች ነው» ያልከው ስህተት ነው። «ብሮንዝ» በእንግሊዝኛ ነሐስ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል።

ነሐሱንማ አግኝታለች። እንግሊዝ ካናዳ ላይ ጀርመንን 1 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ወጥታለች። ስሙ ግን ከአባቷ የመጣ ነው። አባቷ ፖርቱጋላዊ ናቸው። ሙሉ ስሟ ሉሲያ ሮቤርታ ተፍ ብሮንዝ ነው። «ተፍ» በእንግሊዝኛ ጠንካራ ማለት ስለሆነ እሱንም ደጋፊዎች ያወጡላት የሚመስለው አለ። አይደለም፣ የእናቷ የቤተሰብ ስም ነው። (ስምን መልአክ ያወጣዋል መቼም! በ2025ቱ የአውሮፓ ዋንጫ የቅልጥም አጥንቷ ተሰንጥቆ ነው የተጫወተችው። እንግሊዝም ዋንጫውን በላች።)

ደግሞ ነሐስ ብቻ ያላት አስመስለህባታል። የሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ ወስዳለች፤ ሦስቱን ከሊዮን፣ ሁለቱን ከባርሴሎና ጋር። በ2020 የፊፋ የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋች ተብላ ተመርጣለች። ለተከላካይ ይህ ቀላል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሽልማት ብዙውን ጊዜ ጎል አግቢ ነው የሚወስደው።