ፖሊመር ሁሉ ፕላስቲክ አይደለም

አብሽር ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። «ኮምቦልቻ የሚፈተለው ጥጥ የተፈጥሮ ነው፤ ፖሊመር የሚባለው ፌስታሉ ነው» ብለሃል። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ቁራጮች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ ጥጡም ፖሊመር ነው! ሴሉሎስ ይባላል፤ የግሉኮስ (የስኳር ዓይነት) ሰንሰለት ነው። የደሴን ብርድ የምናልፍበት የበግ ጠጉር ባናም ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲንም ፖሊመር ነው።

የፌስታልና የፕሮቲን ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። ፌስታል ፖሊኢትሊን ነው። አንድ ዓይነት ቁራጭ ይደጋገማል፤ የሰንሰለቶቹ ርዝመት ግን ይለያያል፣ የሚነገረው አማካዩ ነው። ፕሮቲን ግን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ቁራጮች፣ በዲኤንኤ ትእዛዝ፣ ተራቸውን ጠብቀው ይሠራል። የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። አንዷ ብትቀየር ቀላል እንዳይመስልህ፦ ሄሞግሎቢን በሚባለው፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ ቤታ በሚባለው ሰንሰለት 6ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ በሌላዋ በቫሊን ተተክታ፣ ከእናትም ከአባትም ከተወረሰች፣ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ይመጣል።

በነገራችን ላይ፣ የፋብሪካው ናይለን ቁራጮቹ የሚያያዙበት ቦንድ (ኬሚካላዊ ማያያዣ) ከፕሮቲን ጋር አንድ ዓይነት ነው።