ኤ2 ወተትና የአክስቴ ሆድ

አክስቴ አሜሪካ ከገባች ወዲህ ከወተት ጋር ተጣልታለች። ጠጥታ ብዙም ሳትቆይ ሆዷ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ሲብስም ያስቀምጣታል። ሐኪሙ «ላክቶስ አይስማማዎትም» ብሏታል፤ ላክቶስ ማለት የወተት ስኳር ነው። እሷ ግን «የአገሬ ወተት መቼ እንዲህ አድርጎኝ ያውቃል? ጉዱ የፈረንጅ ላም ነው» ባይ ናት። ሰሞኑን «ኤ2» የተጻፈበት ወተት ገዝታ «መድኃኒቴን አገኘሁ!» ብላ ደወለችልኝ።

ነገሩ ጨርሶ ተረት አይደለም። ቤታ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤ1 እና ኤ2። ፕሮቲኑ ከተገነባባቸው 209 አሚኖ አሲዶች የሚለያቸው አንድ ነው፣ 67ኛው። ኤ1 ሆድ ውስጥ ሲፈጭ እዚያ ቦታ ላይ ይቆረጥና ቤታ ካሶሞርፊን-7 የምትባል ቁራጭ ትወጣለች። የአንጀትን እንቅስቃሴ ታዘገያለች ተብላ የምትጠረጠረው እሷ ናት። ሆልስታይን የሚባሉት የፈረንጅ ላሞች ወተት ብዙ ጊዜ ሁለቱም አለበት። እንደ ቦረና ያሉ ሻኛ ያላቸው ላሞች ግን በአብዛኛው ኤ2 ናቸው። አክስቴ እዚህ ላይ አልተሳሳተችም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት 45 ቻይናውያን ኤ1ም ኤ2ም ያለበትን ወተትና ኤ2 ብቻ ያለበትን በየተራ ጠጥተው፣ ኤ2 ብቻ ያለበት ሆዳቸውን ያነሰ አስቸግሯቸዋል። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ግን ራሱ ኤ2 ወተት ሻጩ ኩባንያ ነው። ውሸት ነው አልልም፤ ኪሴን ከመፍታቴ በፊት ግን ቆም ብዬ አስባለሁ።

ዋናው ነገር ኤ2 ወተት ላክቶሱ አልተቀነሰም። አንድ ብርጭቆ ውስጥ 12 ግራም ያህል አለ፣ እንደማንኛውም የላም ወተት። ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ ያነሰው ሰው፣ ፕሮቲኑ ቢቀየርለትም ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድበታል። ላክቶስ የሌለው ወተት ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ላክቴዝ ቀድሞ ተጨምሮበታል። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሰው ያምታታቸዋል።

ደግሞስ አክስቴ አገር ቤት መቼ ነው ብርጭቆ ሙሉ ቀዝቃዛ ወተት በባዶ ሆዷ ስትጠጣ ያየኋት? እርጎ ነበር፣ አይብ ነበር፣ ማኪያቶ ላይ ጠብ የምትል ወተት ነበረች። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን ይበሉታል። ከአይብ ደግሞ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። ሆዷን የጠበቀላት የላሟ ዘር ብቻ አይመስለኝም።

እንግዲያው እርጎ አርጊና ሞክሪ አልኳት።

«በፕላስቲክ ጆግ? ቅል ላኪልኝና እናያለን» አለችኝ።