ለሁለት ሳምንት ብቻ

የመጣው አንዲት የላፕቶፕ ቦርሳ አንጠልጥሎ ነው። አከራዩ ኪራይ ጨምሮበት፣ «ሌላ ቤት እስካገኝ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ» አለኝ። የምወደው ሰው ነበርና ሁለት ሳምንት ምን አላት ብዬ በሬን ከፈትኩ። ሰው ገብቶ እንደማያልቅ ግን አላወቅሁም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ነጠላ ጫማው መጣ፤ በሁለተኛው ካውያው። በወሩ አንድ የብረት ሳጥን በሁለት ወዛደሮች ታጅቦ አራተኛ ፎቅ ወጣ። የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ሳጥኑን በዓይናቸው ከሸኙ በኋላ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ።

ቤቱ የእኔ ነው። ሃያ በመቶውን ከጉሮሮዬ ነጥቄ ቆጥቤ፣ ሰማንያውን ለባንክ የምገፈግፍበት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ገላውን የሚታጠብበት እሱ ነው። የቆጣሪ ካርድ ሲያልቅ ግን አይተኛም። «መብራት ሄደ እኮ!» ብሎ ይጠራኛል፣ የሄደበትን አገር የማውቅ ይመስል።

ፍቅሩ ካለቀ በኋላ «ውጣልኝ» ማለት ነበረብኝ። አንደበቴ እምቢ አለ። እኛ አገር ሰው የሚያስቀር ቃል ሞልቷል፤ የሚሸኝ ቃል የለም። አንድ እሑድ ራሱ፣ «እኔም ብወጣ ሳይሻል አይቀርም» ብሎ ተነሣ። ልቤ እልል ሲል አፌ ከልጅነቱ የለመደውን አወጣ፤ «በሞቴ! ቡና ሳትጠጣ?» ተቀመጠ። አቦሉን ጠጥቶ ጫማውን አወለቀ፤ ቶናውን ጠጥቶ ትራስ ጠየቀ፤ በረካው ሲቀዳ ማንኮራፋት ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌ ላክሁበት። ሽማግሌ ልጅ ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ይላካል፤ ሰው ለማስወጣት ሲላክ አልሰማሁም፤ ሽማግሌዎቹም አልሰሙም ኖሮ ግራ ተጋብተው መጡ። እሱ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። የዕድራችንን ዳኛ ጃንጥላ ተቀበለ፤ በእኔ ጀሪካን ውኃ እጃቸውን አስታጠበ። እኔን እንኳ «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ነበርህ እንዴ?» የሚያሰኝ ትሕትና ነበር።

«ይጠጣል?» አሉኝ ዳኛው።

«አይጠጣም።»

«እጁን ያነሣብሻል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አምሽቶ ይገባል?»

«የሚወጣ ቢሆን እኮ ነው የሚያመሸው፤ አይወጣም አባቴ፣ ችግሬ እሱ ነው።»

ሦስቱም ተያዩ። «ቤቱን የሚወድ ወንድ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?» አሉና ተነሡ። እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ ብለው መርቀውን ሲያበቁ፣ ሠርጉ ከጾሙ በፊት ይሁን ከፋሲካ በኋላ እንድነግራቸው አሳሰቡኝ።

የጥንቱ ሰው ለዚህም መላ ነበረው። ቁርባንና ሰማንያ የከበደው በደሞዝ ይጋባ ነበር፤ ደሞዙም ጊዜውም ተቆርጦ። ጊዜው ሲያልቅ ያው አለቀ። እኛ ሠልጥነን ውሉን ስናስቀር ማብቂያውንም አብረን አስቀረነው።

ሕግ የተማረች ጓደኛዬን ሳማክራት ደግሞ ይብሱን አስደነገጠችኝ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎችን አልረሳም። ግንኙነቱ ሦስት ዓመት ከሞላው በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። ጣቴን ቆጠርኩ፤ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። ማቀዝቀዣውን የገዛሁት እሱ ከመጣ በኋላ ነው። «ያለ ፍቺ ሥነ ሥርዓት ማቋረጥ ትችያለሽ እኮ» ብላ አጽናናችኝ። እችላለሁ፤ ያንን ሳጥን ከአራተኛ ፎቅ ማን እንደሚያወርደው ግን ሕጉ አልጻፈም።

አንድ ማክሰኞ ማታ ስልኬን ዘጋሁና፣ «እናቴ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ትመጣለች» አልኩት።

ውሸቴን ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ እህል እያሰጣች ነበር። ልጇ ሳትዳር ከወንድ ጋር ትኖራለች ብሎ የሚነግራት ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዛደር ሳይጠራ ሳጥኑን ብቻውን ተሸክሞ አወረደ። ተመልሶ ካውያውን ወሰደ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የቀረውን የጢሙን ፀጉር ጠረገ። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስኪመለሱ ድረስ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ» አለኝ።

ይኸው ስምንት ወር ሆነው። በየቅዳሜው ይደውላል። «እናትሽ ተሻላቸው?»

«እንጦጦ ጠበል ጀምራለች። ሁለት ሱባኤ ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች።»

«እግዚአብሔር ይማርልን።»

ባለፈው ቅዳሜ በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም ብሎ አንድ ኪሎ ቡና ጥበቃው ጋር አስቀምጦልኝ ሄደ። እሑድ ቆልቼ ስወቅጥ እናቴ ከደብረ ማርቆስ ደወለች። የሙቀጫውን ድምፅ ሰማችና፣ «እንግዳ አለብሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።