ኮዱን አትስጡ፣ አካውንታችሁንም አታከራዩ

ወገኖቼ፣ ኧረ በፈጠራችሁ! የማታውቁት ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ቦርሳችሁን ቢጠይቃችሁ ሰፈሩን በጩኸት ትሞሉታላችሁ። ደውሎ «አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲላችሁ ግን መነጽር ፈልጋችሁ ታነቡለታላችሁ።

ቴሌግራሙን የተነጠቀ ሰው «ሀክ ተደረግኩ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ማንም የሰበረው ነገር የለም። ከምታውቁት ሰው አካውንት «እህቴ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ይመጣል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥራችሁን እንዳስገባችሁ ሌባው በራሱ ስልክ ላይ በእናንተ ቁጥር ቴሌግራም ይከፍታል። ያኔ እውነተኛው ቴሌግራም አምስት አሃዝ ኮድ ይልክላችኋል፤ ለማንም እንዳትሰጡም አብሮ ይጽፋል። እሱን ማን ያነባል! ኮዱን እዚያ ገጽ ላይ ከጻፋችሁት አለቀ። ብዙም ሳይቆይ በስማችሁና በፎቷችሁ ለአክስታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለዕቁብ ሰብሳቢው ሳይቀር «ቸግሮኛል፣ 5,000 ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ የቀደሙትን እንዲያስወጣ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አይፈቅድለትም። እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። ሴቲንግ ገብታችሁ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ የማታውቁት ስልክ ካያችሁ ከእናንተ በቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣውን መስመር ንኩ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው። ደንግጣችሁ ቴሌግራሙን ከስልካችሁ እንዳታጠፉት! ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል አስቀምጦ ከሆነ ተመልሳችሁ መግቢያ ታጣላችሁ። እሱን ካስወጣችሁ በኋላ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩና የራሳችሁን የይለፍ ቃል አውጡ፣ ኢሜይላችሁንም አስገቡበት። ከዚያ ወዲያ ኮዱ ብቻውን ማንንም አያስገባም።

ኮዱን ሳይጠይቅ የሚወስድም አለ። «ከቴሌ ነው፣ ኔትወርክዎን እያስተካከልን ነው» ብሎ *21* ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ያስደውላችኋል። ያ ቁጥር ወደ እናንተ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ስልክ ያዞረዋል። ከዚያ በራሱ ስልክ ላይ በእናንተ ቁጥር ዋትስአፕ ይከፍታል፤ ዋትስአፕ ደግሞ ስድስት አሃዝ የመግቢያ ኮዱን በድምፅ ጥሪም ይናገራል፤ ጥሪውን የሚያነሳው እሱ ነው። ከተጠራጠራችሁ *#21# ደውሉ፣ ጥሪያችሁ ዞሮ እንደሆነ ያሳያችኋል። ##002# ደግሞ የዞረውን ሁሉ ይሰርዛል።

ባለሱቆች፣ እናንተማ ተዉ! ስክሪንሾት አይታችሁ ዕቃ አታስረክቡ። ስክሪንሾት ላይ ስምና የብር መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በ09 ከሚጀምር የሰው ቁጥር አይመጣም። ሌቦቹ ቃሉን አንድ በአንድ ገልብጠው ከራሳቸው ስልክ ይልኩታል፤ ገበያ የበዛበት ባለሱቅ መሃል ያለውን ብር እንጂ ከላይ ያለውን ላኪ አያይም። ገንዘቡ መግባቱን የሚነግራችሁ ቀሪ ሂሳባችሁ ነው፤ *127# ደውላችሁ ወይም መተግበሪያውን ከፍታችሁ እዩት። ኔትወርክ ጠፍቷል? ገዢው ይጠብቅ፣ ወይ ጥሬ ብር ያውጣ። ሰዉ ሁሉ ኪሱን ባዶ አድርጎ በስልኩ ብቻ መኖር ስለለመደ ኔትወርክ ሲጠፋ «በቃ አምኜሃለሁ» ይባላል፤ ሌባው የሚጠብቃት ሰዓት ይህቺው ናት።

«በስህተት ገንዘብ ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» ለሚል ደዋይም መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። በእርግጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ እሱ ወደ ነገራችሁ ስልክ ቁጥር አትላኩለት፤ በላከበት ባንክ ወይም በቴሌብር በኩል ያመልክት፣ እነሱ ይመልሱለት።

ቪዲዮ ላይክ ላደረገ በቀን 150 ብር እከፍላለሁ፣ መግቢያው 5,000 ብር ነው የሚላችሁን ደግሞ እስኪ በእርሳስ አስሉት። ዋናውን ለማስመለስ ብቻ 34 ቀን ይፈጃል፤ የሚከፈላችሁም ከእናንተ በኋላ የገባው ሰው ብር ነው። መጀመሪያ አውጥታችሁ እጃችሁ የገባችው 300 ብር ጎረቤታችሁን እንድትጎትቱ የተከፈለች የድለላ ዋጋ ናት።

ሌላም ነገር ተበላሽቶብናል። ከእኛ መሃል የእናቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ስንት ነው? ሁሉን ለስልኩ ሰጥቶ፣ ስልኩ በጠፋ ቀን «በስሜ ብር ቢጠይቋችሁ እንዳትልኩ» ብሎ የሚደውልበት ቁጥር የለውም። የቅርብ ዘመዶቻችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። አረብ አገር ያላችሁ እህቶችም በኢሞ ከምታወሩት ቤተሰብ ጋር እናንተ ብቻ የምታውቁት አንድ ጥያቄ ተስማሙ፤ ድምፅ ዛሬ በማሽን ይቀዳል። ብር ላኪ የሚል መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ ደውሉ፣ ጥያቄውንም ጠይቁ፤ የተቀባዩም ስም የጠያቂው ካልሆነ አትላኩ።

የተታለላችሁ ደግሞ አፍራችሁ አትደበቁ። ገንዘቡ ከአካውንት አካውንት እየዞረ የሚወጣው እናንተ «ለማን ልንገር» ስትሉ ነው። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ሲማችሁ ከጠፋ ወይም ድንገት ከሞተ 994 ደውሉና አሳግዱ። የመልእክቱን ፎቶ፣ የተቀባዩን ስምና የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ።

ክፉኛ የሚያናድደን ግን ሌላ ነው። ለሁለት ሺህ ብር ብላችሁ ሲማችሁንና የባንክ አካውንታችሁን ለማታውቁት ሰው የምታከራዩ ወጣቶች፣ ምን ነካችሁ? ሌባው በራሱ ስም ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚቀበለው በእናንተ ስም ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ቆይቷል፤ ዱካው ሲፈለግ ባንኩ ውስጥ የሚገኘው የእናንተ መታወቂያና ፎቶ ነው። ለሰው የሰጣችሁት ሲም ወይም አካውንት ካለ ነገ ጠዋት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አዘጉት።