እርማት፦ ደረቅ እብጠት ሁሉ ያልበሰለ ብጉንጅ አይደለም

ልጃቸው ጉንጭ ላይ ደረቅ እብጠት ላዩት የመንዝ ሞላሌ እናት «ብጉንጅ ነው፤ ይብሰልና ይፍረጥ» የሚል ምክር ተሰጥቷል። ስህተት ነው። ብጉንጅ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያማል፣ በቀናት ውስጥም ይለሰልሳል። ለሳምንታት እንደ ጠጠር ደርቆ የቆየ፣ ከቆዳው ጋር የሚንቀሳቀስ እብጠት ግን ፒሎማትሪኮማ ሊሆን ይችላል፤ ከፀጉር ሥር ሴሎች የሚነሳ፣ ካልሲየም የሚቋጥር፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ። እናቴ፣ ቆዳውን ወጠር አድርገው ይዩት፤ ጠርዛማ ገጽ ሊታይ ይችላል። አንዱን ጫፍ ቀስ ብለው ሲጫኑም ሌላው ብድግ ሊል ይችላል። የሚፈስ መግል ስለሌለው መጭመቅና በምላጭ መብጣት ቁስልና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው። በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና እንኳ አንዳንዴ ካንሰር ያስመስለዋል፤ ስለዚህ አልትራሳውንድ ይቅደም፣ ከዚያ እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በፓቶሎጂ (በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ) ይመርመር። አፍንጫ ላይ መሃል ለመሃል የወጣ እብጠት ከሆነ ደግሞ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ያለ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ማንም አይቅደደው።