ማስተካከያ፦ የስልክ ክትትል የክሊኒክ ምርመራን አይተካም

«የስኳር ታማሚ በስልክና በኢንተርኔት ክትትል ከጀመረ ክሊኒክ መመላለሱ ይቀርለታል» የሚል መልእክት በሰፊው እየተዘዋወረ ነው። ይህ ትክክል አይደለም።

በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት፣ በስልክ የሚሰጥ ምክር፣ መድኃኒት የሚያስታውስ አጭር መልእክትና የስኳር ልኬትን ለባለሙያ መላክ የ3 ወር አማካይ ስኳርን (ኤችቢኤዋንሲ) በመጠኑ ይቀንሳሉ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ተጨማሪ ድጋፍ እንጂ ምትክ አይደለም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የሕክምና መመሪያ፣ ስኳሩ የተስተካከለለት ሰው እንኳ የኤችቢኤዋንሲ የደም ምርመራ በዓመት ቢያንስ 2 ጊዜ እንዲያደርግ ይመክራል። መድኃኒቱ የተለወጠለት ወይም ስኳሩ አልወርድ ያለው ደግሞ በየ3 ወሩ። እግርና ኩላሊትም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያሉ። የዓይን ምርመራውን ጊዜ ሐኪሙ እንደ ውጤቱ ይወስናል።

መልእክቱን አምኖ ቀጠሮ የተወ ሰው የሚጎዳው ሳይታወቀው ነው። ስኳር ዓይንን መጉዳት ሲጀምር እይታ ላይለወጥ ይችላል። ነርቩ የደነዘዘ እግር ቢቆስልም ላያምም ይችላል፤ ባለቤቱ ያላወቀውን ቁስል ታዲያ በስልክ ማን ይናገራል?

ቀጠሮ የዘለላችሁ ካላችሁ ደውላችሁ ሌላ ያዙ። እሱስ በስልክ ያልቃል።